የ1990 ማዝዳ ሚያታ፦ የክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ተበልቶብኛል

መኪናዋ 1.6 ሊትር ናት፤ ሞተሯም ከፋብሪካ አብሯት የወጣው ነው። የፊት ፑሌጃው ላይ የሚታዩት ክፍተቶች አራት ስለሆኑ ክራንክ ሻፍቱ (የፒስተኖቹን ጉልበት ወደ ዙር የሚቀይረው ዘንግ) የመጀመሪያው፣ ባለ አጭር ጫፉ ነው።

ጉልበቷ እየቀነሰ መጣ። የመመርመሪያ ሳጥኑ ውስጥ ሁለቱን ተርሚናሎች በሽቦ አገናኝቼ በታይሚንግ መብራት (ሻማው የሚተኩስበትን ጊዜ በሚያሳየው) ሳያት ምልክቷ 10 ዲግሪ ላይ አትረጋም፤ ፑሌጃውም ሲዞር ሲወላገድ በዓይን ይታያል። ስፈታው ኪይዋ (የቺንጊያውን ጥርስ ከክራንኩ ጋር አብሮ እንዲዞር የምትይዘው ትንሽ ብረት) በአንድ ጎኗ ተበልታ ደረጃ ሠርታለች፤ መቀመጫዋም ግማሽ ሚሊ ያህል ሰፍቷል። ቀድሞ ቺንጊያ ሲቀየር ቡሎኑ በልኩ ሳይጠብቅ ቀርቶ ይመስለኛል።

አዲስ ኪይና አዲስ ቡሎን አስገብቼ በ115 ኒውተን ሜትር አጠበቅኩት። 300 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ያው ሆነ።

ባለ ረጅም ጫፉን ክራንክ ለመግጠም ሞተሩ ወርዶ ሙሉ በሙሉ መበተን አለበት፤ ፑሌጃውና የቺንጊያው ጥርስም አብረው ይቀየራሉ። ሌላ ሞተር መግጠም ደግሞ አልፈልግም፤ እነዚህ መኪኖች ሰብሳቢ በሚፈልጋቸው በዚህ ጊዜ የራሷ ሞተር ትልቅ ዋጋ አለው። የቀረው ጫፉን ከዘይት አጽድቶ፣ ሎክታይት 660 (የሰፋ የብረት መጋጠሚያ የሚሞላ ማጣበቂያ) ሞልቶ፣ 24 ሰዓት ማድረቅ ነው።

መቀመጫው ግማሽ ሚሊ ሰፍቶ እያለ በሎክታይት 660 ጠግኖ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ የነዳ አለ?