ቪዲዮ ኤክስፖርት ሳደርግ ስክሪኑ ይጨልማል፤ ካርዱ ነው ወይስ ድራይቨሩ?

የሰርግ ካሜራ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ነው ያለሁት። ሥራዬ የሰርግና የልደት ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ነው። ኮምፒውተሬ ዴስክቶፕ ነው፤ ኮር አይ 7፣ ራሙ 16 ጊጋ፣ ግራፊክስ ካርዱ ኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1060 ባለ 6 ጊጋ፣ ዊንዶውስ 10።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሰላም ነበር። ሰርቪስ አስደርጌው ከመጣ ወዲህ ግን ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባለው የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ላይ ኤክስፖርት ስጀምር ስክሪኑ ይጨልማል። አንዳንዴ ተመልሶ ይመጣል፤ ሪዞልቭ ግን ተዘግቶ ነው የማገኘው። አንዳንዴ ደግሞ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣና ራሱን ሪስታርት ያደርጋል። ብሮውዘር ስጠቀም ወይም ጽሑፍ ስጽፍ ምንም አይልም።

ሰርቪስ ያደረገልኝ ልጅ «ካርዱ ሞቷል፣ ቀይሪው» አለኝ። አሁን ካርድ የምገዛበት አቅም የለኝም፤ ቅዳሜ የማስረክበው ሰርግም አለ። የሚያውቅ ካለ እባካችሁ እርዱኝ።

ሽቦና ብየዳ

እህቴ፣ ካርድ ለመግዛት አትቸኩዪ። ጥገና ላይ ነው የምሠራው፤ ሞቷል ተብሎ መጥቶ ምንም ያልሆነ ካርድ ብዙ ጊዜ ይገጥመኛል።

አጠፋፉን ልብ ብለሽ እዪ። መብራት እንደሄደበት ድርግም ብሎ ከጠፋና ሰማያዊ ስክሪን እንኳ ሳያሳይ እንደገና ከተነሣ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን ነው። ስክሪኑ ጨልሞ ከተመለሰ፣ ወይም ጨልሞም ድምፁ ከቀጠለ፣ ነገሩ ወደ ድራይቨሩ፣ ማለትም ዊንዶውስ ካርዱን ወደሚያዝበት ፕሮግራም ያደላል። ካርዱ ራሱ መጎዳቱን የሚያሳየው ሌላ ምልክት ነው። ኮምፒውተሩ ገና ሲበራ፣ የማዘርቦርዱ አርማ በሚታይበት ሰዓት፣ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም ባለቀለም መስመር ካለ ችግሩ በአብዛኛው ካርዱ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የዊንዶውሱ ድራይቨር ገና ሥራ አልጀመረም፤ ስለዚህ በእሱ ማሳበብ አይቻልም።

እስቲ ሦስት ነገር ንገሪን። ሰማያዊው ስክሪን ላይ ከታች ምን ተጽፏል? ኤክስፖርት ስታደርጊ የካርዱ ሙቀት ስንት ይደርሳል? ሰርቪስ ሲደረግስ በትክክል ምን ተሠራለት?

የሰርግ ካሜራ (ጠያቂ)

በጣም አመሰግናለሁ ወንድሜ። ሲበራ ስክሪኑ ንጹሕ ነው። ሰማያዊው ላይ «ቪዲዮ ቲዲአር ፌይለር» ይላል፤ ከሥሩ በኤንቪ የሚጀምር ረጅም የፋይል ስም አለ። ሙቀቱ ከ71 ዲግሪ አላለፈም። ልጁ አቧራውን ነፋለት። ከዚያ «ድራይቨሮችሽ አርጅተዋል» ብሎ ሁሉንም ድራይቨር በአንዴ ፈልጎ የሚጭን ፕሮግራም አስነሣበት። ዊንዶውሱን አልነካውም።

ነጭ ሰሌዳ

በጣም ጥሩ መረጃ ነው የሰጠሽን። ሙቀቱ ሰላም ነው፤ ለዚህ ካርድ ኤንቪዲያ ያስቀመጠው ጣሪያ 94 ዲግሪ ነው። እኔ የምጠረጥረው ያን ድራይቨር ፈላጊ ፕሮግራም ነው።

ቲዲአር ምን መሰለሽ፤ ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ግራፊክስ ካርዱን የሚጠብቅበት ዘዴ ነው። ለካርዱ ሥራ ይሰጠዋል። ካርዱ በ2 ሰከንድ ውስጥ መልስ ካልሰጠ «ይሄ ነገር ቆሟል» ብሎ ድራይቨሩን ዘግቶ እንደገና ያስነሣዋል። ስክሪኑ ለአፍታ ጨልሞ የሚመለሰው ለዚህ ነው። ድራይቨሩ አልነሣ ካለ ግን ሰማያዊው ስክሪን ይመጣል። ያየሽው በኤንቪ የሚጀምር ፋይል የኤንቪዲያ ድራይቨር ዋናው ፋይል ነው።

ማረጋገጥ ከፈለግሽ ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ኢቨንት ቪወርን ክፈቺ። ዊንዶውስ ሎግስ፣ ከዚያ ሲስተም ውስጥ ግቢና ስክሪኑ የጨለመበትን ሰዓት ፈልጊ። ምንጩ ዲስፕሌይ፣ ቁጥሩ 4101 የሆነ መልእክት ካገኘሽ ይኸው ነው። በዚያ ሰዓት ከርነል ፓወር 41 (ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ መጥፋቱን የሚናገር መልእክት) ብቻውን ካለ ግን ወደ ሽቦና ብየዳ ጥርጣሬ፣ ወደ ፓወሩ፣ እንመለሳለን።

ኮከብ

ለምን ትለፋለች? ሬጂስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ ቅንብር ማከማቻ ውስጥ ቲዲአር ዲሌይ የሚባለውን መጠበቂያ 60 ሰከንድ ብታደርገው አይበቃም? እኔ እንደዚያ አድርጌ ሰላም ሆኖልኛል።

ነጭ ሰሌዳ

ኮከብ፣ ካርዱ ጤነኛ ሆኖ ሥራው ከባድ ሲሆን ልክ ነህ። አንድ ፍሬም ለመጨረስ ረጅም ጊዜ የሚወስድ ሬንደር ላይ መጠበቂያውን ማራዘም ይረዳል። የእሷ ግን ያው ካርድ ያንኑ ሥራ ሲሠራ ኖሮ በድንገት የተበላሸ ነው። ድራይቨሩ ከተበላሸ 60 ማድረግ ማለት ስክሪኑ ደርቆ የሚቆይበት 2 ሰከንድ አንድ ደቂቃ ይሆናል ማለት ነው።

እህቴ፣ የሚሠራው እንዲህ ነው። ሳትጀምሪ በፊት ፕሮጀክቶችሽን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጪ። ከዚያ ሁለት ነገር አውርጂ። አንዱ ዲዲዩ ይባላል፤ የግራፊክስ ድራይቨርን ከነሥሩ የሚነቅል ነጻ ፕሮግራም ነው። ሁለተኛው ከኤንቪዲያ የራሱ ገጽ ላይ ለጂቲኤክስ 1060 የሚሆን የስቱዲዮ ድራይቨር ነው። ጌም ሬዲ የሚባለውን ተዪው፤ ስቱዲዮው እንዳንቺ ቪዲዮ ለሚሠራ ሰው የተዘጋጀ ነው። ከ600 ሜጋ በላይ ስለሆነ ጥሩ ኔትወርክ ያለበት ቦታ አውርደሽ ፍላሽ ላይ አስቀምጪው።

ከዚያ ኢንተርኔቱን ንቀዪ። ይሄን አትዝለዪው፤ ድራይቨሩን ነቅለሽ ሳትጨርሺ ዊንዶውስ ከኢንተርኔት የራሱን ያመጣል። ሺፍትን ተጭነሽ ይዘሽ ሪስታርት በዪ። ሰማያዊ ሜኑ ይመጣል። ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ፣ ሪስታርት። ዝርዝሩ ሲመጣ 4ን ተጫኚ፤ ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊ በሆኑት ነገሮች ብቻ የሚነሣበት ሴፍ ሞድ ውስጥ ትገቢያለሽ። ፒን አልቀበልም ሊልሽ ስለሚችል የአካውንትሽን ዋናውን ፓስወርድ ቀድመሽ ያዢ። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነም የመክፈቻ ቁጥሩን አዘጋጂ።

እዚያ ዲዲዩን ክፈቺ፣ ጂፒዩ የሚለውን፣ ቀጥሎ ኤንቪዲያን ምረጪ፤ አጽዳና ሪስታርት አድርግ የሚለውን ተጫኚ። ሲነሣ ጽሑፉና አይከኑ ግዙፍ ሆኖ ብታዪው አትደንግጪ፤ ማይክሮሶፍት ቤዚክ በሚባለው ጊዜያዊ ድራይቨር እየሠራ ነው። ፍላሹ ላይ ያለውን ጫኚ። ከስተም ውስጥ ገብተሽ ክሊን ኢንስታሌሽን የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ።

ሽቦና ብየዳ

አንድ ነገር ልጨምር። መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት ይሄን አትጀምሪ። ድራይቨር እየተጫነ መሀል ላይ ቢጠፋ ግማሽ ፋይል ይቀርና ከበፊቱ ይብሳል። ዩፒኤስ ካለሽ እሱ ላይ ሰኪው። ጎኑን ከፍተሽም የካርዱን ፓወር ገመድ ጫን ብለሽ እዪው። ይሄ ካርድ እስከ 120 ዋት ይፈልጋል፤ ከማዘርቦርዱ መሰኪያ የሚያገኘው ቢበዛ 75 ነው፤ የቀረው በዚያ ገመድ ነው የሚመጣው። አቧራ ሲነፋ ተነካክቶ ሊሆን ይችላል።

ፒክስል

ካርዱን አዲስ ነው የገዛሽው ወይስ ያገለገለ? ያገለገለ ከሆነ ጂፒዩ ዚ በሚባለው ትንሽ ፕሮግራም እዪው። የድሮ ካርድ ባዮስ (ካርዱ ውስጥ የተጻፈውን መነሻ ፕሮግራም) ቀይረው በአዲስ ስም የሚሸጡ አሉ። እንዲህ ዓይነቱ ካርድ ትክክለኛውን ድራይቨር ሲጭኑበት ነው የሚበላሸው። ፕሮግራሙ ካወቀበት ስሙ ፊት «ፌክ» ብሎ ይጽፍልሻል።

የሰርግ ካሜራ (ጠያቂ)

ኢቨንት ቪወር ላይ 4101 ተደርድሯል! ጂፒዩ ዚ ንጹሕ ነው፣ ካርዱ ትክክለኛ 1060 ነው ብሏል። ገመዱም ጥብቅ ነው። ዲዲዩውን እንዳላችሁት ሠራሁት፤ ማታ የሰርጉን ሙሉ ፕሮግራም አንዴም ሳይጨልም ኤክስፖርት አደረገልኝ። በደስታ ነው የተኛሁት።

ዛሬ ጠዋት ግን እንደገና ጨለመ። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ገብቼ ሳይ የድራይቨሩ ቁጥር እኔ ከጫንኩት የተለየ ነው፤ ቀኑም የቆየ ነው። ማንም አልነካውም። ይሄ ነገር እንዴት ይሆናል?

ነጭ ሰሌዳ

ዊንዶውስ አፕዴት ነው የቀየረው። ኢንተርኔቱን መልሰሽ ስትሰኪ ራሱ አውርዶ ጭኖታል። የምስራች ግን አለሽ፤ ማታ ከሠራና ድራይቨሩ ሲቀየር ከተበላሸ ካርድሽ ጤነኛ ነው።

እዚያው ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ ሥር ካርዱን በቀኝ ጠቅ አድርጊ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ድራይቨር፣ ከዚያ ሮል ባክ። ወደ ማታው ይመልስሻል። ሮል ባክ ደብዝዞ አልጫን ካለ ዲዲዩውን ድገሚው። በዚህ ዙር የዲዲዩ ኦፕሽንስ ውስጥ ገብተሽ ከዊንዶውስ አፕዴት ድራይቨር እንዳይወርድ የሚከለክለው ላይ ምልክት አድርጊ። ያ ድራይቨር ፈላጊ ፕሮግራም አሁንም ካለ አጥፊው፤ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚነሣ ከሆነ ደጋግሞ ይቀይርብሻል።

ቅጠልያ

እኔም ላፕቶፕ ላይ ተመሳሳይ ችግር አለብኝ። ኢንቴልም ኤንቪዲያም አለው። በዚሁ መንገድ ልሂድ?

ፒክስል

ላፕቶፕ ላይ መጀመሪያ የላፕቶፑ አምራች በሞዴሉ ስም ያወጣውን ድራይቨር ሞክር። ሁለቱ ግራፊክሶች ሥራ እየተቀባበሉ ነው የሚሠሩት፤ አምራቹ አብረው እንዲሄዱ አድርጎ ያወጣቸዋል። ኢንቴሉን ቀድመህ ጫን፣ ኤንቪዲያውን አስከትል።

የሰርግ ካሜራ (ጠያቂ)

ሮል ባክ ደብዝዞ ስለነበር ዲዲዩውን ደገምኩት፣ ምልክቱንም አደረግሁ። ፕሮግራሙንም አጠፋሁት። ከዚያ ወዲህ ጨልሞብኝ አያውቅም፤ ሰርጉንም ቅዳሜ አስረከብኩ። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ካርድ ከመግዛት አድናችሁኛል። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፤ ከኤንቪዲያ አዲስ ድራይቨር ወጣ የሚል መልእክት ሲመጣ ልጫነው?

ነጭ ሰሌዳ

እንኳን ደስ ያለሽ። የሚሠራልሽን አትንኪው፤ ፍላሹ ላይ ያለውንም አታጥፊው። 1060ን ጨምሮ ለጂቲኤክስ 10 ሲሪስ ካርዶች 580 በሚል ቁጥር የሚጀምረው ድራይቨር የመጨረሻው ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ካርድሽን አያውቀውም። ከእንግዲህ የሚወጣላቸው የደህንነት ማስተካከያ ብቻ ነው፣ እሱም እስከ ጥቅምት 2028 በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ስለዚህ የምትጠነቀቂው ሪዞልቭን ስታሳድጊ ነው። አዲሱ ሪዞልቭ ቢያንስ የትኛውን የኤንቪዲያ ድራይቨር እንደሚፈልግ ከፕሮግራሙ ጋር በሚመጣው ጽሑፍ ላይ አንብቢ። ከ580 በላይ ከጠየቀ ባለሽው ሪዞልቭ ቀጥዪ።