ኢማቲኒብ በዲኤፍኤስፒ ሴሎች ላይ የፒዲጂኤፍ ሪሴፕተርን ምልክት ለምን አልቀነሰውም?

ጠያቂ፦ ፋይብሮብላስት

ሰላም ለሁላችሁ። ከዴርማቶፋይብሮሳርኮማ ፕሮቱበራንስ (ከቆዳ ካንሰር ዓይነት አንዱ)፣ በአጭሩ ከዲኤፍኤስፒ፣ እጢ የወጡ ሴሎችን እያሳደግሁ፣ ፒዲጂኤፍ የተባለውን የእድገት ፋክተር የሚቀበለውን የፒዲጂኤፍ ሪሴፕተር-ቤታን የምልክት መስመር እያጠናሁ ነው። እጢው በፊሽ (የጂን መሰበርን በሚያበራ ቀለም በሚያሳይ) ምርመራ የፒዲጂኤፍቢ ጂን መሰበር ታይቶበታል። ሴሎቹን ያለ ሲረም አሳድሬ፣ ሪሴፕተሩን የሚያግደው መድኃኒት ኢማቲኒብ በ1 ማይክሮሞላር ያለበት አዲስ ሚዲየም ቀይሬላቸው፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ ሰብስቤ ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲንን በአንቲቦዲ የሚያሳይ ዘዴ) ሠራሁ። የታይሮሲን 751 (ሪሴፕተሩ ሲነቃ ፎስፌት የሚይዝበት ቦታ) ምልክት መድኃኒቱን ባገኙትም ባላገኙትም ደካማና እኩል ነው። ከሪሴፕተሩ ሥር ምልክት ከሚያስተላልፉት ፕሮቲኖች ኢአርኬ በሁለቱም በጣም ደምቋል፤ ኤኬቲም አልጠፋም። ጄሉ 10 በመቶ ነው፤ ሜምብሬኑን የሸፈንኩት በ5 በመቶ የወተት ዱቄት ነው። ሴሎቹ የሚነዱት በሌላ መስመር ነው ልበል ወይስ ችግሩ ከአሠራሩ ነው?

መልስ፦ ካይኔዝ ላብ

ሌላ መስመር ከመፈለግዎ በፊት ብሎቱን ያስተካክሉ። በዚህ ውጤት ላይ ተመሥርቶ ኢማቲኒብ ሠራም አልሠራም ማለት አይቻልም።

በመጀመሪያ ምልክቱ ለምን እንደደከመ እንይ። የክሮሞሶም 17 እና 22 ቁርጥራጮች ሲጋጠሙ ፒዲጂኤፍቢ ኤክሶን 1ን፣ በውስጡ ካሉት ማገጃዎች ጋር፣ አጥቶ በኮላጅን 1ኤ1 ፕሮሞተር ሥር ይወድቃል። ይህ ፕሮሞተር ደግሞ ፋይብሮብላስት ውስጥ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። የሚመረተው ድቅል ፕሮቲን ተቆራርጦ መደበኛ ፒዲጂኤፍ-ቢቢ ይሆንና ያመረተውን ሴል መልሶ ያነቃዋል። ሪሴፕተሩ እየነቃ ወደ ውስጥ ይገባል፤ እየገባም ይፈርሳል። ስለዚህ በአንድ ቅጽበት ሴሉ ላይ የሚገኘው ሪሴፕተር ትንሽ ነው። ኢማቲኒብ ሲገባ መፍረሱ ስለሚቀንስ ከሰዓታት በኋላ ጠቅላላው ሪሴፕተር ይጨምራል። የፎስፎ (ፎስፌት የያዘውን የነቃ ሪሴፕተር) ባንዱን ለጠቅላላው ሪሴፕተር ባንድ ሳያካፍሉ ካነበቡት የመድኃኒቱ ሥራ ይደበቅብዎታል።

አሁን ወደ ጄሉ። ሙሉው ሪሴፕተር ወደ 180-190 ኪሎዳልተን ላይ ይቆማል፤ ስኳሩ ገና ያልተሟላው ደግሞ ከሥሩ ወደ 160 አካባቢ። 10 በመቶ ጄል ላይ ሁለቱ ተጣብቀው ከላይ ይቀራሉ፤ ወደ ሜምብሬንም በደንብ አይሻገሩም። ከ6 እስከ 8 በመቶ ይጠቀሙ፤ ዝውውሩን በእርጥብ ዘዴ፣ በ30 ቮልት፣ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሌሊቱን ያድርጉት። 6 በመቶ ጄል ረጅም ሲሮጥ አክቲንና ኢአርኬ ከታች ፈስሰው ይወጣሉ፤ ለእነሱ ሁለተኛ ጄል ያዘጋጁ። ለትልቁ ፕሮቲን የመጫኛ መቆጣጠሪያ ቪንኩሊን ይመረጣል።

የወተት ዱቄቱን ይተዉት። ኬሲን ራሱ ፎስፎ ያለው ፕሮቲን ስለሆነ የጀርባ ጥቁረት ያመጣል፤ 5 በመቶ ቢኤስኤ (የከብት ሲረም አልቡሚን) ይተካው። ሴሎቹን በበረዶ ላይ፣ ቀዝቃዛ ፒቢኤስ ውስጥ ቫናዴት (ፎስፌትን ከፕሮቲን የሚያነሱ ኢንዛይሞችን የሚያግድ) ጨምረው ይጠቡ። ሶዲየም ኦርቶቫናዴት በመጨረሻ 1 ሚሊሞላር፣ ሶዲየም ፍሎራይድ 10 ሚሊሞላር ይሁን። ቫናዴቱ ሳይዘጋጅ ከተጨመረ ግን ባይጨመር ይሻላል፤ ሥራውን ሳይሠራ እንደሠራ ያስመስላል። 200 ሚሊሞላሩን የቫናዴት ክምችት ፒኤች 10 ላይ አድርሰው ቢጫው ጠፍቶ ውሃ እስኪመስል ያፍሉት፤ ሲበርድ ፒኤቹን መልሰው ያስተካክሉና እንደገና ያፍሉት፤ ቀለሙ መመለሱን እስኪያቆም ይህን ይደጋግሙ። ኢዲቲኤና ዲቲቲ ያዳክሙታል፤ የማፍረሻ በፈሩ ውስጥ እንዳይኖሩ ያረጋግጡ።

ኢአርኬ የደመቀው በአብዛኛው ሚዲየም ስለቀየሩ ነው። አዲስ ሚዲየም መፍሰሱ ብቻውን ኢአርኬን ያነቃል፤ ይህን ደግሞ ኢማቲኒብ አይነካውም። ሌላም ጉዳት አለው፦ ሴሎቹ ሌሊቱን ያጠራቀሙትን ፒዲጂኤፍ-ቢቢ ጠርጎ ይወስዳል። እንዲህ ያድርጉ፦ ከዚያው ሳህን 100 ማይክሮ ሊትር ሚዲየም ቀድተው መድኃኒቱን በዚያ ይበጥብጡና ቀስ አድርገው ይመልሱት። የመድኃኒቱ ማሟሟያ ዲኤምኤስኦ በሁሉም ሳህን ከ0.1 በመቶ አይለፍ። ኤኬቲ ካልጠፋ ሚዲየሙ ኢንሱሊን እንዳለው ይመልከቱ፤ ኢንሱሊን ካለ የኤኬቲ ሴሪን 473 አይወርድም።

መልስ፦ ሞለኪውላር ፓቶ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን የሴሎቹ ማንነት ነው። ፊሽ የተሠራው እጢው ላይ ነው። ሳህኑ ውስጥ ያሉትስ? ከእጢው ጋር ተቆርጦ የመጣ ጤነኛ ፋይብሮብላስት በየፓሴጁ (ሴሎቹ ወደ አዲስ ሳህን በተዘዋወሩ ቁጥር) የበላይ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ፒዲጂኤፍ ሪሴፕተር-ቤታ አለው፤ የሌለው የጂን ውህደቱ ብቻ ነው። ሲረም የሌለበት ጤነኛ ፋይብሮብላስት ልክ እርስዎ ያዩትን ደካማና እኩል ባንድ ይሰጣል። የዲኤፍኤስፒ መለያ በሆነው በሲዲ34 ፕሮቲን አይተማመኑ፤ ሳህን ውስጥ ሊጠፋ ይችላል።

ብሎቱ ከተሠራበት ፓሴጅ ላይ አርኤንኤ አውጥተው አርቲ-ፒሲአር ይሥሩ። በፒዲጂኤፍቢ በኩል መገናኛው ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ኤክሶን 2 ነው፤ ስለዚህ አንድ ሪቨርስ ፕራይመር ይበቃል። በኮላጅን በኩል ግን ስብራቱ ከታካሚ ታካሚ ይለያያል፤ በብዙ ኤክሶኖች ላይ የተዘረጉ ፎርዋርድ ፕራይመሮች ያስፈልጋሉ። ከፓራፊን ብሎክ በወጣ አርኤንኤ ከሆነ ምርቱን ከ150 ቤዝ በታች ያድርጉት፤ ርዝመቱ ተመሳሳይ የሆነ የመቆጣጠሪያ ጂንም አብሮ ይሂድ። መቆጣጠሪያው ካልወጣ «ኔጌቲቭ» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው።

ለሌሎች አንባቢዎችም ልጨምር፦ መልኩ ፍጹም ዲኤፍኤስፒ ሆኖ የፒዲጂኤፍቢ ፊሽ ኔጌቲቭ ከሆነ የቅርብ ዘመዱን የፒዲጂኤፍዲን ጂን ፈልጉ። ከኮላጅን 6ኤ3 ወይም ከኢሚሊን 2 ጋር የተጋጠመ ፒዲጂኤፍዲ ተገኝቷል። ፒዲጂኤፍ-ዲዲም የሚያነቃው ይህንኑ ሪሴፕተር-ቤታ ስለሆነ መስመሩ አይለወጥም።

ጠያቂ፦ ፋይብሮብላስት

እግዜር ይስጥልኝ። በፒዲጂኤፍ-ቢቢ ላይ የሚሠራ አጋጅ አንቲቦዲ ሚዲየሙ ውስጥ ብጨምርስ? ምልክቱ ካልወረደ መስመሩ በራስ ሊጋንድ (ሴሉ ራሱ በሚያመርተው አነቃቂ) አይነዳም ማለት እችላለሁ?

መልስ፦ ካይኔዝ ላብ

አይችሉም። ሊጋንዱና ሪሴፕተሩ ሁለቱም የሚመረቱት በአንድ ሴል ውስጥ ነው፤ ገና ወደ ውጭ ሳይወጡ በጎልጂ መንገድ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ከፒዲጂኤፍ-ቢ ጋር በሚመሳሰለው በቪ-ሲስ ኦንኮጂን በተለወጡ ሴሎች ላይ ይህ ታይቷል። አንቲቦዲ እዚያ አይደርስም፤ ሴል ውስጥ ዘልቆ የሚገባው ኢማቲኒብ ግን ይደርሳል። አንቲቦዲው ምልክቱን ካወረደው ማስረጃ ነው፤ ካላወረደው ግን ምንም አያስረዳም።

ከዚያ ይልቅ ጠንካራ ፖዘቲቭ መቆጣጠሪያ ይሥሩ። አንዱን ሳህን ሌሊቱን በ1 ማይክሮሞላር ኢማቲኒብ ያቆዩት፤ ሪሴፕተሩ ይከማቻል። ጠዋት ሦስት ጊዜ በሞቀ ሚዲየም ያጥቡት፤ መድኃኒቱ በቋሚነት ስለማይጣበቅ ይለቃል። ከዚያ 30 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ፒዲጂኤፍ-ቢቢ ለ5 ደቂቃ በ37 ዲግሪ። በዚህ ሳህን ላይ 751 ካልደመቀ አንቲቦዲው ወይም ዝውውሩ ነው ችግሩ። ከደመቀና ያልታከመው ሳህን አሁንም ከደከመ፣ ከ500 ማይክሮግራም ፕሮቲን ሪሴፕተሩን በኢሚዩኖፕሬሲፒቴሽን ለይተው በአጠቃላይ የፎስፎታይሮሲን አንቲቦዲ ያንብቡ።

መልስ፦ የቆዳ ኦንኮሎጂ

በክሊኒክ በኩል አንድ ነገር። የዲኤፍኤስፒ ዋና ሕክምና ጠርዙ ንጹሕ የሆነ ቀዶ ጥገና ነው። ኢማቲኒብ በአሜሪካ ለዚህ በሽታ የተፈቀደው በ2006 ነው፤ ሊቆረጥ ለማይችል፣ ለተመለሰ ወይም ለተሰራጨ፣ ለአዋቂ በቀን 800 ሚሊግራም። ውህደቱ ሳይረጋገጥ መጀመር ተገቢ አይደለም። ፋይብሮሳርኮማ መልክ የያዘ የእጢ ክፍል ውህደቱን ቢይዝም ለኢማቲኒብ የሚሰጠው መልስ አጭር የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ በእነዚህ ላይ እጢን የሚገታው የሲዲኬኤን2ኤ ጂን መጥፋት ተዘግቧል። ስለዚህ ሴሎቹ ከየትኛው ክፍል እንደተወሰዱ ፓቶሎጂስቱን ይጠይቁ። 751 ወርዶ ሴሎቹ ግን መባዛታቸውን ከቀጠሉ፣ ያኔ ነው ሌላ ነጂ መፈለግ ያለብዎት። የመባዛት ልኬቱንም በ10 በመቶ ሲረም አይሥሩት፤ ሲረም ውስጥ ያሉ ሌሎች የእድገት ፋክተሮች የኢማቲኒብን ሥራ ይሸፍናሉ። 0.5 በመቶ ላይ፣ 72 ሰዓት፣ ጤነኛ ፋይብሮብላስት ጎን ለጎን።