ኮዱን ተምረናል፤ የመጀመሪያውን ሥራ ግን ከየት እናምጣ?

ሰላም ለሁላችሁ፣ አንድ ነገር ላይ ተጣብቄያለሁና እባካችሁ እርዱኝ። የሰፈራችን ወጣቶች ተሰባስበን ፓይተንና ጃቫስክሪፕት የተባሉትን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋዎች፣ እንዲሁም የኮድ ለውጦችን መመዝገቢያውን ጊትን እየተማርን ነው። የምንማረው በኢንተርኔት፣ በፍሪኮድካምፕ ድረ ገጽና በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ኮርስ በሲኤስ50 ነው፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። መማሩ አልከበደንም። የከበደን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ለጀማሪ ተብሎ የወጣ ማስታወቂያ ሳይቀር የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ታዲያ ልምዱን ማን ይስጠን?

አሁን ያሰብኩት በኦፕን ሶርስ (ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት በሆኑ ፕሮጀክቶች) በኩል መግባት ነው። ጀማሪዎችን ከእነዚህ ፕሮጀክቶች ጋር የሚያገናኘው ጉግል ሰመር ኦፍ ኮድ ከ2022 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ተማሪ ላልሆኑ ጀማሪዎችም ክፍት ሆኗል፣ አውትሪቺ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ ከቤት ሆነው የሚሠሩት፣ ክፍያ ያለው የሦስት ወር ኢንተርንሺፕ (የሥራ ልምምድ) አለው። ለሁለቱም ግን ቀድሞ ፕሮጀክቶቹ ውስጥ ገብቶ መሥራት ወሳኝ ነው፣ እኛም የቆምነው እዚሁ ላይ ነው። ፕሮጀክቶቹ ኮዳቸውን በሚያስቀምጡበት በጊትሃብ ድረ ገጽ ላይ ለጀማሪ የሚሆን ሥራ ስናገኝ ሌላ ሰው ቀድሞን ይዞታል፣ የላክነውንም ኮድ ገምግሞ መልስ የሚሰጠን የለም።

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ፣ ፕሮጀክት እንዴት መረጣችሁ? ከዶክመንቴሽን (የአጠቃቀም መመሪያ ከመጻፍ) ወይም ፕሮግራሙን ከመፈተሽ መጀመር ያዋጣል? ወይስ በአካባቢያችን ላሉ ትንንሽ ድርጅቶች ድረ ገጽ እየሠራን ልምድ ብንይዝ ይሻላል? ከመካከላችን ጎበዟ ልጅ ተስፋ ቆርጣ ልታቆም ነው፣ እሷን ማጣት አልፈልግም። ኮዳችንን አይቶ አስተያየት የሚሰጠን ሰው ካለም በጣም እናመሰግናለን።