«ነፍስ ያላወቀ» እና «የዋህ» አንድ ናቸው? (የፊልም ትርጉም ላይ ተጣብቄ ቀረሁ)

ቸቸላው፦
ሰላም ቤቶች። የጊሌርሞ ዴል ቶሮን ፓንስ ላቢሪንዝ፣ ያን በፈረንጅ 2006 የወጣውን የስፓኒሽ ፊልም፣ ለጓደኞቼ ላሳይ ብዬ የአማርኛ ሰብታይትል እየሠራሁለት ነው። መጨረሻው ላይ ቀንዳሙ ፋውን፣ ግማሽ ሰው ግማሽ ፍየል የሆነው ፍጡር፣ ለልጅቷ ለኦፊሊያ ሕፃኑን ወንድምሽን አምጪልኝ፣ በሩ የሚከፈተው በ«ኢኖሴንቴ» ደም ነው፣ ጠብታ ትበቃኛለች ይላታል። እኔ «በየዋህ ደም» ብዬ ጻፍኩ። አክስቴ ከጎኔ ሆና ታይ ነበርና «የዋህማ ሽማግሌም ይሆናል፣ ነፍስ ያላወቀ በለው እንጅ» አለችኝ። እሽ ልበል፣ ግን ኦፊሊያስ? እሷ ነፍስ አውቃለች ነው አላወቀችም የሚባለው? ሰው ነፍስ አወቀ የሚባለውስ መቼ ነው?

ፊደል ቆጣሪ፦
የዋህ አይሆንም። ዛሬ «አንተ እኮ የዋህ ነህ» ካሉህ በጨዋ ደንብ ተሰደብክ ማለት ነው።

ታች ቤት፦
ቃሉ ምን አደረገ፣ ያረከሰው ሰው ነው። «የውሀ» ከሚለው ግእዝ ነው የመጣው፣ ገር ሆነ ለማለት። «እንደ እባብ ልባሞች እንደ ርግብም የዋሆች ሁኑ» ሲል ጌታ ሞኝ ሁኑ ማለቱ ነው እንዴ? ለዚህ ቦታ ግን መጽሐፉ ራሱ ቃል አስቀምጦልሃል፣ ይሁዳ ብሩን ሲመልስ «ንጹሕ ደም አሳልፌ በመስጠቴ በድያለሁ» ነው ያለው። ንጹሕ ደም በልና ተኛ።

ፊደል ቆጣሪ፦
ንጹሕ ደም ሲባል እኔ የላብራቶሪ ውጤት ነው የሚታየኝ ሃሃሃ

የፋሲል ጎረቤት፦
የኔታ እንዳይቆጡኝ እንጅ ስፓኒሹን እንይ። የስፔን ሰዎች ሄሮድስ ያስፈጃቸውን የቤተልሔም ሕፃናት «ኢኖሴንቴስ» ነው የሚሏቸው፣ በዓላቸውም በፈረንጅ ዲሴምበር 28 ነው። ደግሞ በዚያው ቀን ልክ እንደ ኤፕሪል ዘ ፉል ይሸዋወዱና የተሸወደውን ሰውዬ «ኢኖሴንቴ!» እያሉ ይስቁበታል። እንግዲህ የታረደውም የተሸወደውም በአንድ ስም ነው የሚጠራው፣ የኛም የዋህ እዚያው ነው የደረሰች። ሕፃናቱንማ ማን ይነግረናል፣ ቁስቋም ሥር አይደለም ወይ ያደግነው፣ እመቤታችን ከሄሮድስ ሸሽታ የደረሰችበትን የግብፅ ቦታ ስም ነው እቴጌ ምንትዋብ ለደብራቸው የሰጡት፣ በጽጌ ሰቆቃወ ድንግል ሲባል ማን ያላለቀሰ አለ።

ቸቸላው፦
እሽ እናመሰግናለን፣ ግን ነፍስ ማወቅ?

የፋሲል ጎረቤት፦
እሱን ልመጣበት ነው። «ልጁ ነፍስ አወቀ» ስንል ባለቤቱ ልጁ ነው፣ ነፍስ ተሳቢ ናት። ግን ልብ በሉ «ነፍሱን አወቀ» አንልም፣ እንዲሁ «ነፍስ» ነው። የማን ነፍስ? በኔ ቤት የሌላ ሰው ነፍስ ነው። ሕፃን እናቱን ሲነክሳት ያማታል ብሎ አያውቅም፣ ያን ያወቀ ዕለት ነፍስ አወቀ። እንደዚህ ካሰብነው ኦፊሊያ ወንድሜን አልሰጥም ስትል ከሁሉም በላይ ነፍስ ያወቀች እሷ ናት፣ ያ ካፒቴን እንጀራ አባቷ ደግሞ ሪዙን ሲላጭ ኖሮ ነፍስ ሳያውቅ ነው የሞተው።

ጨረቃ ሰፈር፦
ፊልሙን ያላየን አለን እኮ! ጨረሳችሁብን

ታች ቤት፦
ልጄ ይሄ ከየት የተገኘ ትርጓሜ ነው? አንድምታውን ማን አስተማረሽ? ነፍስ ከነፈሰ ነው፣ ነፋስም ከዚያው ነው፣ ትንፋሽ ማለት ነው። ነፍስ ማወቅ ትንፋሽን ማወቅ ነው፣ ይኸውም አንድ ቀን እንደምትወጣ ማወቅ፣ ሞትን ማወቅ። እናቲቱ ነፍሰ ጡር ሆና ደም ሲፈሳት ያየች ልጅ አወቀች በቃ፣ እዚያ ላይ አለቀ።

ደብተራው፦
የኔታ እንዲያ ከሆነማ ካፒቴኑ ከሁሉ ይበልጣል። ሰዓቱን አላያችሁትም? አባቱ ሲሞት የሞተበት ሰዓትና ደቂቃ ለልጁ እንዲታወቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ከሰከሰው ተብሎ በራት ላይ ሲወራ አባቴ ሰዓት ኖሮት አያውቅም ብሎ ካደ፣ ግን መስታወቱ የተሰነጠቀውን ሰዓት በየጊዜው እያጸዳ ይይዛል። መጨረሻም ለልጄ የሞትኩበትን ሰዓት ንገሩልኝ ሲል ሴትዮዋ ስምህንም አያውቅ አለችው። ሞቱን በደቂቃ ነው የሚያውቅ፣ ምን ጠቀመው?

ፊደል ቆጣሪ፦
እኔ የምለው ነፍስ ያወቀችው ያ ዐይኑን መዳፉ ላይ የሚሰካው ጭራቅ ማዕድ ላይ አትብይ የተባለችውን ሁለት ፍሬ ወይን የበላች ጊዜ ነው። ሔዋን ናት። ገደፈች!

ታች ቤት፦
ጾም ሳይኖር መግደፍ የለም፣ ትእዛዝ ነው ያፈረሰች። ገደፈ በግእዝ ጣለ ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦
ጸሐፊ ፊደል ሲገድፍስ? እሱ ሳያየው ነው ያመለጠው፣ እሷ ግን አሸዋ ሰዓቱ እየፈሰሰ እያየች በላች። ረስቶ መጣልና አውቆ መጣል አንድ ሊሆን ነው?

የፋሲል ጎረቤት፦
ኧረ በማርያም፣ ልብሷን አቆሸሸች ተብላ እራት የተከለከለች ልጅ ናት። ርቧት ነው!

ጨረቃ ሰፈር፦
የ1986ቱ ላቢሪንዝ ይሻላል፣ ዴቪድ ቦዊ ያለበት። ልጅቷ ወንድሟን ለማስመለስ 13 ሰዓት ነው የተሰጣት፣ የግድግዳው ሰዓትም 13 ቁጥር አለው። 13 ወር ላለን ሕዝብ ምን ይገርማል ሃሃ

ደብተራው፦
ስለ ልጅነትና ጊዜ ካነሣን አይቀር መዋዕለ ሕፃናት የሚለውስ? ሰው ሁሉ የሕፃናት መዋያ ይመስለዋል። መዋዕል ግን ዘመን ነው። የሕፃንነት ዘመን የሚባል ትምህርት ቤት በራፍ ላይ ተጽፎ በየቀኑ አልፈነው እንሄዳለን።

ፊደል ቆጣሪ፦
መዋያ ነው። ዋለ፣ ውዕለ፣ መዋዕል። ሥሩ አንድ እኮ ነው።

ደብተራው፦
ሥሩ አንድ ቢሆን ፍሬው አንድ ነው? «በውእቱ መዋዕል» ሲል በዚያ መዋያ ማለቱ ነው? ዜና መዋዕልስ? የጎንደር ነገሥታት የት እንደዋሉ ነው የተጻፈ?

ፊደል ቆጣሪ፦
አዎ! አንብበው እስኪ። ንጉሡ ዛሬ እዚህ ሰፈረ፣ በማግስቱ ተነሥቶ እዚያ ዋለ፣ ገጽ ሙሉ እሱ ነው።

ታች ቤት፦
እሱስ እውነት ነው።