ሰርጉ ባህር ዳርቻ ነው፤ ምን ልልበስ?

ጥቁር ሱፍ፦
ሰላም ናችሁ? የልጅነት ጓደኛዬ አሸዋ ላይ ሊሞሸር ነው። 10 ሰዓት ይጀመራል፣ እራቱ ሲመሽ ነው። መጥሪያው «ዘና ያለ፣ ግን ሽክ» ይላል። ይሄ ደግሞ ምን ማለት ነው? ያለኝ አንድ ጥቁር ሙሉ ልብስ ነው፤ እሱም ወፍራም። እኔ ደግሞ ቶሎ ያልበኛል። ቁምጣ ባደርግ ያስነቅፈኛል? እንደ ሻማ ከመቅለጤ በፊት ምከሩኝ።

ሚዜ የነበረው፦
ጥቁሩን ተወው ወንድሜ። እኔ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ለብሼው፣ ቃል ኪዳኑ ሳያልቅ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ ነበር። ከረባቴንማ ንፋሱ ፊቴ ላይ እየወረወረ ግማሹ ፎቶ ላይ አፌ የለም። ካሰርክ በመቆንጠጫ ያዘው። አለዚያ ይቅርብህ።

ልብስ ሰፊው፦
ቀለሙ ብቻ አይደለም የሚያቃጥለው። ኮትህን ገልብጠህ ገበሩን እየው። ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ነው፤ ላብ አይጠጣም፣ አየር አያሳልፍም። ጨርቁ የፈለገ ስስ ቢሆን ገበሩ ሙሉ ከሆነ ምጣድ ላይ እንደተጣድክ ቁጠረው። ጀርባው ላይ ገበር የሌለው ፈልግ። ሊነን ቢሆን ደስ ይላል። ከተልባ ግንድ የሚፈተል ነው፤ ላብ ይመጥና ቶሎ ይደርቃል። መጨማደድ ግን ጠባዩ ነው፣ ቻለው። መኪና ውስጥ ለብሰኸው አትቀመጥ፤ አንጠልጥለህ ውሰደው። መጨማደዱ ካንገበገበህ በስሱ የተሸመነ የሱፍ ጨርቅ አለ፤ ሱፍ ሁሉ የክረምት አይደለም።

ፈዛዛ ግራጫ እንዳትገዛ! ሁሉም የሚሮጠው ወደ እሱ ነው፤ ላብ ሲነካው ግን ብብትህ ከሩቅ ይነበባል። ጠቆር ያለ ሰማያዊ ኮት፣ ነጭ ሸሚዝ፣ የአሸዋ ቀለም ሱሪ፣ በቃ። ከላይ እስከ ታች ነጭ ለሙሽሮቹ ተውላቸው። ቁምጣ መጥሪያው ላይ ካልተጻፈ አይሆንም።

ጥቁር ሱፍ፦
ጫማስ? አዲስ የቆዳ ጫማ አለኝ።

ሚዜ የነበረው፦
አዲሱን ቤት ተወው። የባህር ውሃ ቆዳ ላይ ሲደርቅ ነጭ የጨው እድፍ ይተዋል። ማሰሪያ የሌለው ቀለል ያለ ሞካሲን አድርግ፤ አሸዋ ሲገባበት አውልቀህ ታራግፋለህ። ነጠላ ጫማ የሻወር ነው፣ እንዳትሞክረው።

ልብስ ሰፊው፦
የፀሐይ መከላከያ ክሬም የምትቀባ ከሆነ ሸሚዙን ከመልበስህ በፊት ተቀብተህ ይድረቅልህ። አንገትጌ ላይ ቢጫ እድፍ ይተዋል፤ በበረኪና ስታጥበው ደግሞ ይብስበታል። ብዙ ነጭ ሸሚዝ እንዲህ ሆኖ መጥቶልኛል። ጥላ ስር ነኝ ብለህም አትዝለለው፤ ደረቅ አሸዋ 15 በመቶ ያህሉን የአልትራቫዮሌት ጨረር ወደ ላይ ይመልሰዋል።

ጥቁር ሱፍ፦
ኮቴን ገለበጥኩት። እስከ ጫፉ ፖሊስተር! ወንድሜ ሰማያዊ ስስ ኮት አለው፤ ትከሻው ግን ትንሽ ይሰፋኛል። ታጠበዋለህ?

ልብስ ሰፊው፦
ወገብና እጅጌ ቢሆን በአንድ ቀን እጨርስልህ ነበር። ትከሻ ከሆነ ግን ኮቱን መፍታት ነው። ሌላ ፈልግ።