ጥሬ ፉዚ በሱቅ ይሸጥ?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ክርክር ስለ ፉዚ ነው፤ የቻይና ባህላዊ ሐኪሞች እጅ እግሩ ለቀዘቀዘ፣ አቅም ለከዳው ሰው «ሰውነት ያሞቃል» ብለው የሚያዙት፣ አኮኒት የተባለው መርዛማ ተክል ሥር። በ2017 ሳን ፍራንሲስኮ፣ ቻይናታውን ውስጥ፣ ከአንድ ሱቅ የተገዛ የባህል መድኃኒት ሻይ የጠጡ ሁለት ሰዎች በአኮኒት ተመርዘው አንዷ ሞታለች። ጥሬው ያለ ማዘዣ ይሸጥ ወይስ አይሸጥ?

የጓንግዡ ልጅ፦ ይሸጥ! የጥንቱ ቻይናዊ ሐኪም ዣንግ ዦንግጂንግ ከ1,800 ዓመት በፊት በቀመሩ ያስገባው ሥር ነው። በቻይናዋ ዩናን ግዛት ጭራሽ በክረምት ከሥጋ ጋር ቀቅለው ይበሉታል። ጥፋቱ የማያውቅ ሰው እጅ እንጂ የሥሩ አይደለም።

ፋርማሲስቷ፦ ወንድሜ፣ በልተው የተመረዙትንም ጥራልን እንጂ። የሥሩ መርዝ አኮኒቲን 2 ሚሊግራም ገደማው ሰው ሊገድል ይችላል። መጀመሪያ ከንፈርና ምላስ ይደነዝዛል፣ ቀጥሎ የልብ ምት ይዘበራረቃል። ማርከሻ ደግሞ የለውም።

የጓንግዡ ልጅ፦ ለዚህ ነዋ የሚፈላው! አከራዬ ሥሩን ብቻውን ቀድመው ይጥዱታል፣ ቀስ ባለ እሳት፣ ከአንድ ሰዓት በላይ። ሌላው ቅጠል የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። በማንኪያ ጫፍ ቀምሰው ምላሳቸውን ከነዘራቸው መልሰው ይጥዱታል።

ፋርማሲስቷ፦ መፍላቱ መርዙን እንደሚሰብረው መቼ ካድኩ? ግን መመርመሪያው የሰው ምላስ የሆነ መድኃኒት ለማንም ይሸጣል? የአከራይህ ልምድ የሌላት፣ ሥራ የረፈደባት ሴት በ20 ደቂቃ ብታወርደውስ?

ታዛቢ፦ ኮሶም እኮ ልኩን ካለፈ ጉድ ነው፤ እናቶቻችን ግን...

ፋርማሲስቷ፦ ኮሶን ይተዉልን ጋሼ፣ ስለ ፉዚ ነው ያለነው። ሆንግ ኮንግን ይዩ፦ በ1999 በወጣው ሕግ ጥሬ ፉዚ ከ31 መርዛማ የባህል መድኃኒቶች ተመድቦ ከተመዘገበ ሐኪም ማዘዣ ውጭ አይሸጥም። ባህሉ ሞተ? የመድኃኒት ሱቆቹ ዛሬም አሉ።

የጓንግዡ ልጅ፦ እሺ፣ ጥሬው ላይ ረትተሽኛል። በጨው ውሃ ተዘፍዝፎ፣ ተቀቅሎ የደረቀውን ጥቁሩን ቁራጭ ግን አትንኩብኝ።

ፋርማሲስቷ፦ እሱም ቢሆን በቻይና ፋርማኮፒያ፣ በመንግሥት የመድኃኒት መመሪያ መጽሐፍ፣ ከ3 እስከ 15 ግራም ነው መጠኑ። አከራይህ ስንት ይጨምራሉ?

የጓንግዡ ልጅ፦ ...ሚዛን እንኳ የላቸውም። በእፍኝ ነው።