ቦክሰር ውሻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል?

የኦፈንባኽ እናት፦
ሰላም ወገኖች። የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ አገር ሊለቅ ነው። የ2 ዓመት ወንድ ቦክሰሩን በነፃ ውሰዱት ብሎናል። ልጆቼ 6 እና 9 ዓመታቸው ነው፤ ውሻው የት እንደሚተኛ ከአሁኑ ይጣላሉ። እኔን ግን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። እዚህ ጀርመን የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም። የኪራይ ውላችን «ውሻ ክልክል ነው» ይላል። ከጠዋቱ 2 እስከ 9 ሰዓት ቤቱ ባዶ ነው። አማቴ ደግሞ ለጥምቀት ሰሞን ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ ውሻ ያለበት ቤት እግራቸውን አያስገቡም። ያሳደገ ካለ እስቲ ምከሩኝ።

ጋሼ ፍራንክፈርት፦
እህቴ፣ ስለ ውሉ እኔ ልንገርሽ። የጀርመን ፌዴራል ፍርድ ቤት በ2013 ወስኗል፤ አከራይ በታተመ ውል ላይ ውሻና ድመት ጨርሶ አይገባም ማለት አይችልም። ዝም ብለሽ አምጪው ማለት ግን አይደለም። የአንቺም፣ የአከራዩም፣ የጎረቤቱም ጥቅም በየጉዳዩ ይመዘናል። በጽሑፍ ጠይቂ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበይ። በስልክ የተባለ «እሺ» ለክርክር አይሆንም። ከዚያ ማዘጋጃ ቤት ታስመዘግቢዋለሽ፣ በየዓመቱ የውሻ ግብር አለ። የውሻ ሃፍትፕፍሊኽትም (ውሻው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚከፍል ኢንሹራንስ) ግዢ። በርሊን ግዴታ ነው፤ እኛ ክፍለ ግዛት ሄሰን ለቦክሰር ባያስገድዱም ብስክሌተኛ ቢጥልብሽ በሲቪል ሕጉ አንቀጽ 833 ተጠያቂዋ አንቺው ነሽ። የራስሽ ተራ ሃፍትፕፍሊኽት ውሻን አይሸፍንም።

ሹፌሩ ከኑርንበርግ፦
ጋሼ ሕጉን ጨርሰውታል፣ እኔ ስለ ውሻው። ቦክሰር አለን። ልጅ ሲወድ ለጉድ ነው። ችግሩም ፍቅሩ ነው፦ በር ስትከፍቺ 30 ኪሎ ጡንቻ ደረትሽ ላይ ይዘላል። ትንሿን ልጅ ይጥላትና ፊቷን ይልሳታል። 2 ዓመቱ ነው ብለሽ አደገ እንዳትዪ፣ ገና ቡችላ ነው። ለሃጩንማ ተዪው! ውሃ ጠጥቶ ራሱን ሲያራግፍ የባለቤቴ ነጠላ ላይ የለጠፈው በሁለት እጥበትም አልለቀቀም። ያንኮራፋል። ሌላም ድምፅ አለው፣ አልነግርሽም።

አፍንጫው አጭር ስለሆነ ሙቀት አይችልም። ሐምሌ ላይ ማለዳና ማታ ብቻ ነው የሚወጣው። ፀጉሩ ስስ ስለሆነ ብርዱም ይጎዳዋል። ዘሩ ለካንሰርና ለልብ በሽታ የተጋለጠ ነው፣ ስለዚህ ከመውሰድሽ በፊት የሕክምና ወረቀቱን ጠይቂ፣ ልቡንም አስመርምሪ። የእንስሳት ሐኪም ዋጋ ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ጨምሯል።

የአራት ኪሎው ልጅ፦
ኧረ ጉድ! የእኛ ቡቺ እኮ ግብርም ኢንሹራንስም አያውቅም ነበር። የተረፈ ፍርፍር በልቶ ሌሊቱን ሙሉ ግቢ ይጠብቃል። ትዝ ሲለኝ ሆዴ ይባባል። እዚህ ለውሻ ልብ ምርመራ የሚወጣው ብር እኮ አገር ቤት የአንድ ቤተሰብ የወር አስቤዛ ነው።

ነርሷ ከሽቱትጋርት፦
ወንድሜ፣ በየወሩ እልካለሁ፣ አስተርፌም እልካለሁ። በቀረችኝ ውሻ ባሳድግ ለማን ነው የምፈርመው?

የአራት ኪሎው ልጅ፦
አንቺን መች አልኩሽ?

ነርሷ ከሽቱትጋርት፦
ሁላችንንም ነው ያልከው። መኪናህን ሸጠህ ላክ ያለህ አለ?

እማማ ኮሎኝ፦
ልጆቼ፣ አትጣሉ። ግን ሥዕለ አድኅኖ ባለበት ቤት ውሻ ይገባል እንዴ? አማቷ እውነታቸውን ነው።

ሹፌሩ ከኑርንበርግ፦
እማማ፣ የእኛ ጸሎት ክፍል በሩ ዝግ ነው። እናቴ መጥታ መጀመሪያ ተቆጥታ ነበር፣ በኋላ ከጉርሻዋ ስትቆርስለት ያዝኳት።

እማማ ኮሎኝ፦
እኔ ግን አልገባም።

የኦፈንባኽ እናት፦
ኧረ ወገኖች፣ ጥያቄዬን! ሰባት ሰዓት ሙሉ ብቻውን ይቆያል ወይስ አይቆይም?

ሹፌሩ ከኑርንበርግ፦
አይቆይም። ቦክሰር ከሰው መለየት አይወድም። ቀስ በቀስ ብታለማምጂውም እንኳ ከአራት፣ አምስት ሰዓት በላይ አትተዪው። ሶፋሽን ይበላዋል፣ ጎረቤትም ጩኸቱን ለአከራዩ ይናገራል። እኩለ ቀን ላይ መጥቶ የሚያወጣው ሰው ካላገኛችሁ ይቅርባችሁ።

የአራት ኪሎው ልጅ፦
ያን ሰው ደግሞ በሰዓት ስንት ልትከፍሉት ነው?

ነርሷ ከሽቱትጋርት፦
ጀመረህ ደግሞ!